የአጎቴ ቦሎ

አሶሳ ውስጥ በየዓመቱ ምርመራ የማይቀርበት ፍጡር ባጃጅ ነው። ፍሬኑ ይረገጣል፣ መብራቱ ይበራል ይጠፋል፣ ጥሩንባው ይነፋል፤ ያለፈው ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወደ ገበያ ይከንፋል፣ የወደቀው ጋራዥ ይገባል። የባጃጁ ነጂ አባት ግን ጉልበታቸው ሲንቋቋ፣ ዓይናቸው ሲደክም፣ ጆሯቸውም የሚስማማውን ብቻ እየመረጠ መስማት ሲጀምር፣ ጎረቤት «እንዴት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጅ «ደህና ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ምርመራው አለቀ።

በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ጠፍቶብን አይደለም። ዓመት በዓል አለ፣ የመሬት ግብር አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ የጤና መድን ማደሻ አለ። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» እየተባባልንም እንመራረቃለን፤ አድራሹ ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ቀሪውን ሥራ ለእሱ እንተውለታለን። ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲታመሙ ነው፤ ሲጠና ደግሞ በሰው ትከሻ። ደህና ሆኖ «መርምሩኝ» የሚል ሰው ከታየ፣ ወይ ሥራ ሊቀጠር ነው፣ ወይ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው፣ ወይ ዓረብ አገር ሊሄድ ነው። አጎቴ ከሦስቱ አንዱንም አስበው አያውቁም። ስለዚህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ደህና ነበሩ። ወባ አልፎ አልፎ ትጥላቸዋለች፤ እሷን ግን ከበሽታ አይቆጥሯትም፤ ዝናብ ሲያባራ የምትመጣ የቆየች እንግዳ ናት።

አጎቴ በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው። ያን ጊዜ ሰው እንደ ጎርፍ ሲመጣ ለየሰፈራ መንደሩ ስም የሚያወጣለት አልተገኘም መሰለኝ፣ ቁጥር ሰጡት፤ አምባ ይህን ያህል፣ አምባ ያን ያህል እየተባለ ዛሬም በቁጥር የሚጠራ መንደር ሞልቷል። አጎቴ የመንደራቸውን ቁጥር በእንቅልፍ ልባቸውም አይስቱትም። የዕድሜያቸው ቁጥር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ዕድሜ ቋሚ አቋም አላቸው፦ 65። በ2009 ወባ ጥላቸው ጤና ጣቢያ ስወስዳቸው ካርድ ክፍል 65 አሉ። በ2013 ስወስዳቸው 65 አሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ብላ አይታ «አባ፣ ዕድሜ?» ስትላቸው «ያው የድሮው» አሉ። አይፈረድባቸውም። አገራችን ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። እሳቸው ሲወለዱ መዝገቡ እናታቸው ነበሩ፤ እናታቸውም የሚያስታውሱት ቀኑን ሳይሆን የዕለቱን ዝናብ ነበር። ጣልያን ከወጣ ወዲህ፣ የኮርያ ዘማቾች ሳይሄዱ ነው ይባላል። ደምሬ ቀንሼ ከ75 እስከ 85 ባለው ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ይህን ስነግራቸው «አንተ ደግሞ ስትደምር ለሰው አታዝንም» ብለውኛል።

የነገሩ መነሻ ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው ናት። ነርስ ናት። ሥራዋ እኛ ዘንድ ሲነገር የማይታመን ዓይነት ነው፦ ምንም ያላመማቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በዓመት አንድ ቀን እየጠራች ታነጋግራለች። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን ጤና መድን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ይህን ጉብኝት ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ልብስ ማውለቅ የለም፣ መርፌ የለም። ቁመት፣ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ የቀረው ወሬ ነው። ወድቀዋል ወይ፣ የሚወስዱት መድኃኒት የቱ ነው፣ ማን ያበስልልዎታል፣ ይረሳሉ ወይ፣ ሆድ ይብስዎታል ወይ። ኮቪድ የገባ ጊዜ ደግሞ በስልክም ይሁን ተባለ።

ይህን ስታጫውተኝ፣ «ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉሻል? እናቴ ከቡና ጋር በነፃ ስትሠራው የኖረችውን?» አልኳት።

አልሳቀችም። «እናትህ ስንቱን ደህና ነኝ ባይ ቀብራለች?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አባቷን ለመመርመር የወሰነችው። በቪዲዮ። ሐኪሟ እሷ፣ እጇ እኔ።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ፣ እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እሷ ዘንድ ገና ከጠዋቱ 2። አምባው ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ማንጎው ሥር ነው፤ እሱም ግንዱን በስተግራ ከተደገፉት። አጎቴ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሼኹ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሼኹ የበርታ ሰው ናቸው፤ አጎቴ ገና ጓዛቸውን ሳያራግፉ ውኃ ይዘው የመጡ የመጀመሪያው ጎረቤት፤ ከዚያ ወዲህ 40 ዓመት ቡና አብረው ጠጥተዋል። እኔ ስልኩን ይዤ እንደ ፎቶ አንሺ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «እርስዎ ባለፉት 12 ወራት አጠቃላይ ጤንነትዎን እንዴት ይገልጹታል?» አለች።

አጎቴ ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደቆመ አዩ። «ማንን ነው የምታናግረው?»

«አንተን ነው አባዬ።»

«እንዴ፣ እና አንተ በይኛ! ምን አጥፍቼ ነው አንቱ ያልሽኝ?»

እንደገና ተጀመረ። «ጤናህ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሼኽ አንቱስ?»

«ተማም» አሉ ሼኹ፤ በጎረቤት ሱዳን ዓረብኛ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ለማለት።

ልጅቷ ዝም አለች። ቅጹ ላይ ያለው «እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ» ነው፤ ለአልሐምዱሊላህ ሳጥን የለውም። ልጅ ሲወለድ አልሐምዱሊላህ ነው፣ በሬ ሲሞት አልሐምዱሊላህ ነው፣ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ነፍሱ ልትወጣ አንድ ሐሙስ ሲቀራትም አልሐምዱሊላህ ነው። ክርስቲያኑም ያው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ምስጋናው የሚያምር ነገር ነው፤ በሽታ መደበቂያ ሆኖ ሲያገለግል ግን ከእሱ የጠለቀ ጉድጓድ የለም።

«ስኳር አለብህ ተብለህ ታውቃለህ?»

«የምን ስኳር? ከማኅበር ከመጣ ሦስት ወር አለፈው እኮ።»

«ደም ግፊትስ?»

እዚህ ላይ አጎቴ ኮራ አሉ። «ደም ብዛት ነው? እሱስ አለኝ። ባለፈው ለወባ ስሄድ ነግረውኛል። ከእኔ ዘንድ የበዛ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።»

«ወድቀህ ታውቃለህ? በዚህ ዓመት?»

«አላውቅም።»

ሼኹ ሳል ሳል አሉ። እኔም ማንጎውን ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰኔ ላይ አጎቴ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ከነዘንቢላቸው መጥተዋል፤ ሁለት ሳምንት ጎናቸውን ይዘው ተኝተዋል። አስታወስኋቸው።

«እሱ መውደቅ አይደለም፣» አሉ ቆጣ ብለው። «ፈጥኖ መውረድ ነው።»

ቀጥሎ የእግር ፈተና መጣ። አሜሪካኖቹ ሽማግሌውን ከወንበር ያስነሡና 3 ሜትር አስሂደው፣ አዙረው፣ መልሰው ያስቀምጡታል፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደበት ለመውደቅ ቅርብ ነው ይሉታል። ልጅቷ ሰዓት ያዘች። አጎቴ ከበርጩማው እንደ ወጣት ብድግ አሉ፤ በርጩማ ደግሞ ከወንበር ያንሳል፣ ከዚያ መነሣት ብቻውን ማለፊያ ነጥብ ሊያሰጥ ይገባል። 3 ሜትር ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ የጎረቤት ፍየል ባሚያቸው ውስጥ ገብታ አዩ። አልዞሩም። ፍየሏን አባርረው፣ አጥሩን ጠግነው፣ ባለፍየሏን ተጣልተው፣ ታርቀው ተመለሱና ተቀመጡ። ሰዓቱ 14 ደቂቃ ይላል።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ልጅቷ።

«ፍየሏንም ጻፊያት» አልኋት።

ከዚያ ለማስታወስ ሦስት ቃል ነገረቻቸው። የፈረንጆቹ «ሙዝ፣ የፀሐይ መውጫ፣ ወንበር» ነው፤ እሷ ለአሶሳ እንዲስማማ ሙዙን ማንጎ አደረገችው። በመሐል ሌላ ሥራ ሰጥታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትጠይቃለች። የመሐሉ ሥራ ሰዓት መሣል ነው፤ ክብ ሠርቶ፣ ቁጥሮቹን አስገብቶ፣ ቀስቶቹን 11 ሰዓት ከ10 ላይ ማድረግ። አጎቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ፣ የምስክር ወረቀታቸውንም ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። እስክሪብቶውን እንደ ማረሻ ጨብጠው፣ ምላሳቸውን በጉንጫቸው አድርገው ሣሉ። ቁጥሮቹን ሰተት አድርገው አስገቡ። አጭሩን ቀስት 5ን አለፍ አድርገው፣ ረጅሙን 2 ላይ አቆሙት። ወረቀቱን ለካሜራው አሳየሁ።

ከሜሪላንድ ድምፅ ጠፋ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ግንዱን በደንብ ተደገፍኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ፣ በቀስታ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ።

«ምኑ?»

«ሰዓቱን ተመልከተው እስቲ።»

ተመለከትሁት። 11 ሰዓት ከ10 ነው። ልክ ነው። ከብቱ የሚገባበት ሰዓት። እኔም አየኋት፣ እሷም አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከሳቋ ጋርም እንባዋ። 20 ዓመት ሙሉ 11 ሰዓት የሚባለውን 11 ቁጥር ላይ ስትፈልግ ኖራ፣ ቀኑን ከንጋት የሚቆጥሩትን አባቷን ልታክም ነበር። ሰዓት ጠፍቶት የተገኘው ታማሚው አልነበረም።

ይህ ደግሞ ቀልድ ብቻ አይደለም። እዚያው በምትሠራበት አንዲት የአገራችንን እናት ልጃቸው ይዛቸው መጥታ ነበር አለችኝ። ዓመቱ ስንት ነው ሲባሉ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈውን ተናገሩ። ወሩን ሲጠየቁ ማንም የማያውቀውን ስም ጠሩ። ሰዓት ሣሉ ሲባሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ሄደው ሣሉ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ጀምሯቸዋል ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አንሥቶ ነበር፤ እሳቸው እኮ ዓመተ ምሕረቱንም፣ ኅዳርንም፣ ሰዓቱንም አንድ ሳይስቱ ነው የመለሱት። ለነገሩ ከአገራችሁ ወላጅ የወሰዳችሁ ሁሉ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ብትነግሩት ጥሩ ነው።

«ሦስቱ ቃላት ምን ነበሩ አባዬ?»

«ወንበር። የፀሐይ መውጫ።» ትንሽ አሰቡ። «ማንጎም ብለሽ ነበር፤ ግን በኅዳር ማንጎ ከየት አመጣሽ?»

ሙሉ ነጥብ።

«እንዲህ ያለ ምርመራ ከዚህ በፊት አድርገህ ታውቃለህ?» ብላ ብትጠይቃቸው አጎቴ አዎ ማለታቸው አስገረማት። «በየዓመቱ ነው በዘንግ የምለካው» አሉ። እዚህ ላይ እኔ ላስረዳ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ፈጣን ወንዞች ባሉበት የምትራባ ጥቁር ዝንብ አለች፤ ንክሻዋ ቆዳን የሚያሳክክ፣ ሲቆይም ዓይንን የሚያጠፋ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ የመድኃኒት ፋብሪካው መርክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ ለዚህ በሽታ በነፃ ይሰጠዋል። በዘመቻ ለመንደሩ ሁሉ ሲታደል ሚዛን ማዞር ስለማይቻል፣ ሰው የሚለካው በክብደቱ ሳይሆን በቁመቱ ነው። ቀለም የተቀባ ዘንግ ይቆማል፤ ከ158 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ 4 ፍሬ፣ ከ141 እስከ 158 የሆነ 3፣ እያለ እስከ 90 ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለ ሕፃን አይሰጠውም።

አጎቴ ዘመናቸውን ሁሉ የ4 ፍሬ ሰው ነበሩ። ባለፈው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽኗ ዘንጉ ሥር አቁማ ለካቻቸውና 3 ሰጠቻቸው። የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «አራተኛዋስ?» አሉ። «አባ፣ ከመስመሩ በታች ነዎት» አለች ልጅቷ። ተንጠራሩ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ባለፈው ዓመት የነበረው ዘንግ ይምጣልኝ አሉ። እሱው ራሱ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተሰልፈው 3 ፍሬያቸውን ዋጡ፤ አንዷ ፍሬ ተሰርቃብኛለች ብለውም እስከ ጥምቀት ድረስ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ሰነበቱ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም፤ ጻፈች። ሰው ሲያረጅ የጀርባው አጥንትና በየመሐሉ ያለው ለስላሳ ክፍል እየሳሳ ያጥራል፤ ፈጥኖ ሲያጥር ደግሞ አጥንቱ እየተሸረፈ ሊሆን ይችላል። የአረጋዊን ቁመት በየጊዜው መለካት የሚጠቅመው ለዚህም ነው። እኛ ለዝንብ በሽታ ባቆምነው ዘንግ ላይ የአጎቴ እርጅና ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

ከዚያ «መድኃኒትህን በሙሉ አምጣልኝ» አለች። ፌስታል መጣ። አንድ በአንድ እያወጣሁ ለካሜራው አሳየሁ። ጥቁር አዝሙድ፤ ፌጦ፤ የደረቀ ዳማከሴ፤ ቁስል ላይ የሚነሰነስ አንድ አምፒሲሊን፤ ለበሬ የተሰጠ፣ በሬው ከተሸጠ የሰነበተ መድኃኒት፤ ባለቤትነቱ ያልታወቀ ነጭ ፍሬ፤ በመጨረሻ የአጎቴ የደም ግፊት ክኒን፣ ከአንድ ወር መጠን ውስጥ ገሚሱ እንዳለ።

«ለምን አልጨረስከውም?»

«ራሴን ሲያመኝ ነው የምውጠው። ደግሞ ያቺ አንዷ ሽንት ታበዛለች፤ ለገበያ ቀንና ለጁምዓ አትሆንም።»

«የቀረውስ? ሲቆጠር ይጎድላል።»

ሼኹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«እሱም ብዛት አለበት፣» አሉ አጎቴ። «ብቻዬን ልውጥ እንዴ?»

40 ዓመት ቡና፣ ጨውና እሳት የተካፈሉ ሰዎች ክኒን ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚነጣጠሉ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። የገባቸው አልመሰለኝም። ነውር እንደሆነ ግን በሁለቱም ፊት ላይ ይታወቅ ነበር፤ ነውሩ የእሷ ነው የመሰላቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድ ብሶህ ያውቃል?» የሚል ነበር። ይኼኛውን ቅጹን ሳታይ ነው የጠየቀችው። አክስቴ፣ ባለቤታቸው፣ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። አጎቴ ከዘራቸውን አሻሹ።

«ማታ ማታ ነው» አሉ። በቃ።

ሼኹ ያን ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን የኢሻ ሶላት እንዳበቃ ፋኖሳቸውን አንጠልጥለው አጎቴ ደጅ ይመጣሉ። የሐኪም ትእዛዝ ነው እንዳይባል ሰበቡ የሬዲዮ ዜና ነው፤ ሬዲዮው ባትሪ የለውም።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ከስተሻል፤ እዚያ አይመግቡሽም?» አሏት። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ የጨመረችውን ኪሎ ላለመናገር ዝም አልኩ። እሷ ግን ሌላ ነገር አየች፦ አባቷ የሚያዩዋት አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ እንደ ዶሮ፣ በአንድ ወገን ነው። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፌ እንድጋርድ አዘዘችኝ። ጣቴን ዘርግቼ «ስንት ነው?» አልኳቸው። «አምስት» አሉ በድፍረት። የዘረጋሁት ሁለት ነበር። እንደገና ዘረጋሁ። «አምስት» አሉ። ሰው አምስት ጣት ነው ያለው፣ የት ይሄዳል ከሚል ስሌት። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ በዚያ በኩል የመጣን ሰው የሚለዩት በአረማመዱና በድምፁ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ በኩል ስቀመጥ «ደህና ነኝ» የሚሉት እኔን ሳያዩኝ ነው።

ጤና ጣቢያ መውሰዱ ሌላ ጦርነት ሆነ። «ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ?» አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ብተርት፣ «እኔ መች ደበቅሁ፣ እሱ ነው የተደበቀኝ» አሉ፤ ለዚህ መልስ አላገኘሁም። በመጨረሻ የረታቸው ጤና መድኑ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ቀስ እያለ ወደየቦታው የደረሰ ነገር ነው፤ አጎቴ በየዓመቱ ይከፍላሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅም «ዘንድሮ ሳልታመም ከሰርኩ» እያሉ ይቆጫሉ። «እንግዲያውስ ገንዘብዎትን ያስመልሱ» አልኳቸው። በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ጠበቁኝ።

የደም ግፊት ሲለካ ሥርዓት አለው። ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፤ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ሲለካም አለማውራት ያስፈልጋል። ይህን ያወጣው ሰው አበሻን አያውቅም። አጎቴ አቦልን ቤታቸው፣ ቶናን ሼኹ ዘንድ፣ በረካን ባጃጅ ተራ ጠጥተው ነው የመጡት፤ በባጃጁ መንቀጥቀጥ ላይ ከነጂው ጋር ስለ ሂሳብ ተከራክረዋል። መጀመሪያ ሲለኩ የላይኛው 182 ሆነ። ነርሷ አስቀመጠቻቸውና ዝም እንዲሉ ለመነች። 5 ደቂቃ ዝም ሲሉ ያየሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ዝምታው ራሱ ይፈነዳል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው 164 ሆነ። አሁንም ከ140 በላይ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ክንድ የሚያንቀው ጨርቅ የጣልያናዊው ሐኪም የሪቫ ሮቺ ሥራ ነው፤ ይፋ ያደረገው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1896፣ በዓድዋው ዓመት ነው። የአገሩ ሰው ግፊት ያን ዓመት ምን ያህል እንደነበረ መቼም ሳያስበው አልቀረም።

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነሱም መድኃኒት ላይ የነበረው እጅግ ጥቂቱ ነው። ጥናቱ የጠየቀው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያለውን ሰው ነው። አጎቴን አይመለከትም ልል ነበር፤ ግን በካርዳቸው መሠረት 65 ናቸው፤ በሚገባ ይመለከታቸዋል።

የዓይናቸውም ነገር ሞራ ሆኖ ተገኘ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት እንዳሳየው ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ይኸው ሞራ ነው፤ ተገፎ የሚነሣ፣ በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር። ከዚህ ግማሽ ስንቱ ይሆን ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው «እርጅና ነው» ብሎ፣ ወይም ደህና ነኝ ብሎ። ጥር ላይ ሆስፒታሉ ለዘመቻ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ስለነበሩ ወረፋ ያዝን። ቀዶው ራሱ አንድ ጀበና ቡና እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀም። አጎቴ ሲወጡ የጠየቁት «የከፈልኩት ውስጥ ይህም አለበት?» ብለው ብቻ ነው።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ሼኹ ፊት ለፊታቸው ቆመው ነበር። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ፣ ጨፈን ገለጥ አደረጉ። የሼኹን ጢም አዩ፣ ግንባራቸውን አዩ፣ እጃቸውን ይዘው ገልብጠው አዩት።

«አንተ ሰው፣» አሏቸው፣ «እንዲህ አርጅተህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ተማም ነኝ» አሉ ሼኹ።

«የምን ተማም!» ብለው በክንዳቸው ያዟቸው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እንዳለን፣ ሌላ ሰው ሳይጠሩ፣ እየጎተቱ ወደ ካርድ ክፍል ወሰዷቸው። ጸሐፊዋ ስም ጠየቀች፣ ሼኹ መለሱ። ቀበሌ ጠየቀች፣ መለሱ። ዕድሜ ስትጠይቅ ሼኹ ወደ ጣሪያው አዩ፤ አጎቴ ቀደሟቸው።

«ከእኔ እኩል አድርጊው።»

ሁለቱም የደም ግፊት ቀጠሮ አላቸው፤ ክኒናቸውን ለየብቻ ይዘዋል። በሁለቱም ካርድ ላይ ዕድሜ 65 ተብሎ ተጽፏል።